የሰው ብርጭቆ

ከውጭ አገር የሚመጣ ዘመድ ሽቶ ወይም ሸሚዝ ያመጣል። የአክስቴ ልጅ በ2012 ዓ.ም. ለገና ከማድሪድ ሲመጣ ለእኔ ያመጣልኝ ግን አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይንና ጠርሙሱን ተከትሎ የመጣ ረጅም ማስጠንቀቂያ ነበር።

«ይህን ከዶሮ ወጥ ጋር እንዳትጠጣው። ከክትፎም ጋር አይሆንም። ኮካ ከጨመርክበትማ ዝምድናችን እዚያው ላይ ያበቃል። ይህ ከጥብስ ጋር ነው፤ ከፍም ላይ ከወረደ፣ ከጨው በቀር ምንም ካልነካው ሥጋ ጋር» አለኝ።

ኮካ ሲል ደንገጥ ማለቴን አላስተዋለም። ለምን እንደደነገጥኩ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። አስቀድሜ ስለ ጠርሙሱ ጥቂት ልበል።

በጠርሙሱ ላይ «ሪዮሃ» የሚል ተጽፏል። በሰሜን ስፔን፣ የኤብሮን ወንዝ ተከትሎ የተዘረጋ የወይን አገር ነው። የፍሬው ስም ቴምፕራኒዮ ይባላል፤ «ቶሎ» ከሚል የስፓኝ ቃል የወጣ ነው ይላሉ፣ ከሌሎቹ ቀድሞ ስለሚበስል። ከሥሩ ደግሞ «ክሪያንሳ» ይላል። በሪዮሃ ደንብ ቀይ ወይን ይህን ማዕረግ የሚያገኘው ቢያንስ ሁለት ዓመት ሲቆይና ከሁለቱም ቢያንስ አንዱን ዓመት በኦክ በርሜል ውስጥ ሲያሳልፍ ነው። ቃሉ ራሱ «አስተዳደግ» እንደ ማለት ነው። እንግዲህ የአክስቴ ልጅ ያመጣልኝ አስተዳደግ ያየ ወይን ነበር።

ወይኑ ደረቅ ነው። ይህን ስሰማ መጀመሪያ ግራ ገባኝ፤ በእኛ አገር መጠጥ ቤት «ደረቅ» ሲባል አረቄ፣ ኡዞና ጂን ነውና። በወይን ቋንቋ ግን ደረቅ ማለት ሌላ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለውን ስኳር እርሾው ከሞላ ጎደል ጨርሶ በልቶ ወደ አልኮል ለውጦታል፤ ለምላስ የተረፈ ጣፋጭ የለም ማለት ነው። የእኛ ትውልድ ወይን የሚባል ነገር ያወቀው በጉደርና በአክሱማይት ነው። አክሱማይት ይጣፍጠን ነበር። ጉደር ግን ኮስተር ይልብናል፤ ስለዚህ ኮካ እንጨምርበት ነበር። ከኮካው ጋር ሲደባለቅ ኮምጣጣነቱም፣ ሽታውም፣ መልኩም ይጠፋል። ይህን ልብ በሉልኝ፤ መልኩም ይጠፋል።

በዚያው ዓመት በጥር ደሴ ላይ የዘመድ ሠርግ ነበረብኝ። በማግስቱ በግ ታርዶ በከሰል እንደሚጠበስ ስለሰማሁ፣ ጠርሙሱን በሹራብ ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ አስገባሁና ቅዳሜ ማለዳ ተነሣሁ። ሐሳቤ ከሚሴ ላይ አድሬ እሑድ ጠዋት ደሴ ለመግባት ነበር። ከሚሴ የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ አገር ነው።

መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። እስከ ደብረ ብርሃን ኮት ላይ ኮት ይደረባል። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ይውጥና ሲተፋ ቁልቁለቱ ይጀምራል። ደብረ ሲና ላይ ኮቱ ይወልቃል፤ ሸዋ ሮቢት ላይ የሸሚዝ እጅጌ ይጠቀለላል። ጀውሃን፣ ሰንበቴን፣ አጣዬንና ካራ ቆሬን አልፎ የጨፋ ሜዳ ከነቦርከና ወንዙ ብቅ ሲል ሰው መስኮት ይከፍታል። በበጋ ሌላው አገር ሲደርቅ እዚህ ሣር አለ፤ የአፋርም የኦሮሞም ከብት አርቢዎች መንጋቸውን ይዘው ወደዚህ የሚወርዱት ለዚሁ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ 325 ኪሎ ሜትር ተጉዤ ከሚሴ ስገባ ቀትር አልፎ ነበር። ከተማዋ የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ኦሮምኛና አማርኛ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሲገናኙ የሚሰማባት፣ አብዛኛው ሰው ሙስሊም የሆነባት የመንገድ ዳር ከተማ።

ይህን ለማን እነግራለሁ፤ በአገራችን ሥጋ ሃይማኖት አለው። አንዱ በስመ አብ ብሎ፣ ሌላው ቢስሚላህ ብሎ ያርዳል፤ ሥጋ ቤቱም በሩ ላይ መስቀል ወይም ጨረቃ ሥሎ ደንበኛውን ይለያል። እኔ ያደግሁት መስቀሉን አይቼ በሚገባ ቤት ነው። ጓደኛዬ ጨረቃዋን። ዩኒቨርሲቲ እያለን ለአራት ዓመት አንድ መኝታ ክፍል ስንኖር፣ አብረን ሽሮ በልተናል፣ አብረን ተርበናል፣ ሥጋ ላይ ግን ተለያይተን ነው የቆየነው። ማንም ማንንም አልወቀሰም።

አሁን ወደ ኮካው ልምጣ።

1980 ዓ.ም. ነው። ፈተና ጨርሰን አራት ኪሎ አካባቢ አንድ መጠጥ ቤት አራት ሆነን ተቀመጥን። ሦስታችን ጥብስና ጉደር አዘዝን፤ እሱ ሽሮና ኮካ። ለመታጠብ ብድግ ሲል አንዳችን «ዛሬ እንኳ ይቅመሳት» አለ። ማን እንዳለ አሁን አላስታውስም። ጠርሙሱን አንስቶ የቀዳው ማን እንደሆነ ግን አስታውሳለሁ፤ እኔ ነበርኩ። ኮካው ጠቁሯል፤ ወይኑ ውስጡ ሲገባ ምንም አልታየም።

ተመልሶ ተቀመጠ። ብርጭቆውን አንስቶ አንዴ ተጎነጨ፣ ዋጠም። ከዚያ ቀጥ አለ። እኛ ሳቅን። ዓይኑን በሦስታችን ላይ አዟዟረና መጨረሻ ላይ እኔ ላይ አሳረፈው። ምንም አላለም። ወጥቶ ቧንቧው ዘንድ አፉን ብዙ ጊዜ ሲጉመጠመጥ ይሰማን ነበር። ተመልሶ የራሱን ሒሳብ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ሄደ። ከእኔ በላይ ባለው አልጋ ላይ እየተኛ ለአራት ቀን አላናገረኝም። በአምስተኛው ቀን «እንዴት አደርክ?» አለኝ። እኔም «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። ነገሩ በዚህ አለቀ ብዬ ደስ አለኝ። ይቅርታ የሚባለውን ቃል ግን አላወጣሁትም።

በ1986 ዓ.ም. ሲያገባ ጠራኝ። ከአዲስ አበባ ሦስት ክርስቲያኖች ሄድን። ዳሱ ሰፊ፣ እንግዳው ብዙ ነበር። እኛን ግን እናቱ ራሳቸው ተቀብለው ወደ አንድ ጥግ ወሰዱን። «ልጆቼ፣ እዚህ ያለው የእናንተው ነው። ፍየሉን ያረደው ጎረቤታችን ክርስቲያኑ ነው፤ ድስቱም ቢላዋውም ከእነሱ ቤት የመጣ ነው። አብሽሩ፣ ብሉ» አሉን። በላን። ብርዝ ቀረበልን፣ ጠጣን። ጠግበን፣ ጨፍረን፣ ተመርቀን ተመለስን። ያን ጊዜ የመሰለኝ ጥሩ መስተንግዶ ብቻ ነበር። ወሎ ነው፣ ደግ ነው ብዬ አለፍኩት።

እንግዲህ በ2012ቱ ጥር ወደዚያው ቤት ስገባ፣ ቦርሳዬ ውስጥ ያለውን ጠርሙስ ያስታወስኩት ደጃፉ ላይ ነው። መኪናው ውስጥ ልተወው አልኩ፤ የጓደኛዬ ልጅ ግን ቀድሞኝ ቦርሳውን አንስቶ ገባ። ጓዳው አጠገብ ሲያስቀምጠው ጠርሙሱ ከመሬቱ ጋር ሲገናኝ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማ። ማንም ምንም አላለም።

እናቱ አርጅተዋል፤ ዓይናቸው ደክሟል። እኔን ያወቁኝ በድምፄ ነው። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የከሰል ምድጃ ወጥቶ የፍየል ጎድን ፍሙ ላይ ተደረደረ። ስቡ እሳቱ ላይ ጠብ ባለ ቁጥር ጢሱ ግቢውን ይሞላዋል። እኔ በልቤ የአክስቴን ልጅ አስታወስኩ። በሪዮሃ የወይኑ ተክል ሲገረዝ የወደቀውን ጭራሮ ሰብስበው ያነድዱና በፍሙ ላይ የበግ ጎድን ይጠብሳሉ ብሎኝ ነበር። ወይኑም፣ እሳቱም ከአንድ ግንድ መሆኑ ነው። ሥጋው ቀርቦ እጄን ከመዘርጋቴ በፊት አሮጊቷ ከተቀመጡበት ሆነው ተናገሩ።

«ልጄ፣ ያረደልህ የዚያው የጎረቤታችን ልጅ ነው። አባትየው አርፏል። ድስቱ አሁንም የእነሱ ነው።»

ሃያ ስድስት ዓመት። አራጁ ሞቶ ልጁ ተተክቷል፤ ሥርዓቱ ግን አልተለወጠም። ጎድኑ ጣፋጭ ነበር፤ ጨው ብቻ ነው የነካው። ከጎኑ ብርዝ ቀረበ። የማር ውኃው ቀዝቃዛ ነበር፤ ከስቡ በኋላ አፍን ያጥባል። እኔ ግን እንደ ልቤ መብላት አልቻልኩም።

ቡና ተፈላ፣ ዕጣን ተጨሰ፣ ዱዓ ተደረገ። ሰዉ ወደየመኝታው ሲሄድ እኔና ጓደኛዬ በረንዳው ላይ ቀረን።

«ቦርሳህ ውስጥ ምንድን ነው የሚንኳኳው?» አለኝ።

«ወይን ነው» አልኩት። «ለደሴው ሠርግ የያዝኩት። መኪናው ውስጥ መተው ነበረብኝ፣ ይቅርታ።»

«የተከደነ ጠርሙስ ምን ያደርጋል?» አለና ሳቀ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ዝምታው ሲረዝም፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሸከምኩትን ከዚህ በላይ እንደማልሸከመው ታወቀኝ።

«ሰማንያ ዓመተ ምሕረት፣ ፈተና የጨረስን ቀን...»

«ኮካው?» አለኝ።

አሳቤን ሳልጨርስ፣ ሳያስብ፣ ትናንት የሆነ ያህል ነው ያለው። ለእኔ ያለቀው ነገር ለእሱ አላለቀም ነበር።

«የቀዳሁት እኔ ነኝ» አልኩት።

«አውቃለሁ። እጅህ ላይ ጠብታው ነበር።»

ከዚያ ቀስ ብሎ ነገረኝ። «መጠጡ አይደለም ያስቸገረኝ። ሳላውቅ ነው፤ ሳላውቅ ላደረግሁት አላህ አይዝብኝም ብዬ ተጽናናሁ። ያስቸገረኝ ሌላ ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ከሰው እጅ ብርጭቆ ስቀበል አሸትት ነበር። ሻይም ቢሆን፣ ውኃም ቢሆን። የገዛ እኅቴ ስትሰጠኝ እንኳ። አንድ ቀን እናቴ አየችኝ፤ ‹ምን ነካህ?› አለችኝ። አልነገርኳትም።»

የአክስቴ ልጅ ወይን ከመጠጣቱ በፊት ብርጭቆውን አዙሮ አፍንጫውን ይነክርበታል። ለእኔም አስተምሮኝ ነበር። ያን ሌሊት ግን ብርጭቆ ማሽተት ምን ማለት እንደሆነ ሌላ ነገር ተማርኩ።

ጓደኛዬ ቀጠለ። «የሠርጌ ቀን የምግቡ ሥራ በጣም ተጣብቦ ነበር። ክርስቲያኑ አራጅ ዘገየ። ከዘመዶቻችን አንዱ ‹ከአንዱ ድስት ቅዱላቸውና ይብሉ፣ በምን ያውቃሉ?› አለ። እናቴ ተቆጣች። ‹እነሱ ባያውቁ እኛ አናውቅም ወይ? እንግዳ የሚጎርሰውን ሳያውቅ ከቤቴ አይወጣም› አለች። እኔ በሩ ጋ ቆሜ እሰማ ነበር። አንተ ትዝ አልከኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ ለአንድ አፍታ፣ እንዳለው ይደረግ ብዬ ተመኝቼ ነበር።»

«ብታደርገውም አላውቅም ነበር» አልኩት።

«አዎ፣ አታውቅም ነበር። ክፋቱም እሱ ነው።»

ይቅርታ ጠየቅሁት። የጠየቅሁበትን ቃል እዚህ አልደግመውም፤ ጥሩ ንግግር አልነበረም። «አውፍ ብያለሁ» አለኝ። «ያኔውኑ ማለት ነበረብኝ። አንተም ያኔውኑ መጠየቅ ነበረብህ።»

ከዚያ በኋላ ነው ትከሻዬ የቀለለው። እሱም አስተማሪ ነውና፣ ከሚሴ ላይ ባዮሎጂ ሲያስተምር ነው የኖረው፣ «በል እንግዲህ ንገረኝ፤ ይህ የስፔን ወይን ምኑ ነው ከጥብስ ጋር የሚያስማማው?» አለኝ።

የአክስቴን ልጅ ትምህርት ደገምኩለት። በወይኑ ልጣጭና ፍሬ ውስጥ፣ በበርሜሉም እንጨት ውስጥ ታኒን የሚባል ነገር አለ፤ ያልበሰለ ሙዝ ወይም በጣም የከረረ ሻይ እንደሚያደርገው አፍን ጭብጥ አድርጎ ይይዛል አልኩት።

«ታኒንማ የእኔ ትምህርት ነው» ብሎ ተቃና። «የግራር ቅርፊት ቆዳ የሚያለፋው በእሱ ነው፤ ስሙንም ያገኘው ፈረንጆች ቆዳ ከሚያለፉበት ሥራ ነው። ከፕሮቲን ጋር ይጣበቃል። ምራቅህ ውስጥ ያለውን ፕሮቲን ሲይዘው ማለስለሻው ይጠፋና አፍህ የደረቀ ይመስልሃል። ሥጋ ስትጎርስ ግን የሚይዘው ሌላ ፕሮቲን ያገኛል፤ ስቡም ምላስህን ይሸፍነዋል። ስለዚህ ይለቅሃል።» ጥቂት አሰበና፣ «እንግዲያው ያለ ሥጋ ስትጠጡት ምላሳችሁን እያለፋችሁት ነው!» ብሎ ሳቀ። «ሻይም ይህንኑ ያደርጋል፤ ያለ ወንጀል።»

ደግሞም ጨመረ። «ስሙም ቢሆን ከዓረብኛ የተወሰደ ነው። አልኮል የሚባለው ‹አል ኩሕል› ከሚለው ነው፤ ሴቶቻችን የሚኳሉት ኩል። ስፔንንም ብትል ሙስሊሞች ለብዙ መቶ ዓመታት ኖረውባታል፤ ግራናዳ የወደቀችው እ.ኤ.አ. በ1492 ነው። ለዓይን የተሰጠውን ወስዳችሁ አፋችሁ ውስጥ ጨመራችሁት፤ እኛ ምን እናድርጋችሁ?»

እንዲህ እየተሳሳቅን አመሸን። ጠዋት ስነሣ ቦርሳዬን ራሱ አንስቶ መኪናው ውስጥ አስቀመጠልኝ፤ እንዳይሰበር ብሎ በሹራቡ ደህና አድርጎ ጠቅልሎት ነበር።

ደሴ ላይ ጠርሙሱን በማግስቱ ሰኞ ከፈትነው። በጉ ከፍም ወርዷል። ሚጥሚጣውንና አዋዜውን ወደዚያ አድርጉልኝ ብዬ ተሳቀብኝ፤ ነገሩ ግን እውነት ነው። አልኮል የበርበሬን ማቃጠል ያብሰዋል፤ ታኒንም ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ይመራል። ጨውና ስብ ግን ያለዝቡታል። መጀመሪያ ወይኑን ብቻውን ቀመስኩ፤ ጓደኛዬ እንዳለው ምላሴን አለፋው። ቀጥሎ ስብ ያለበትን የጎድን ቁራጭ ጎርሼ ደገምኩ። ወይኑ ለሰለሰ፤ ፍሬ ፍሬ አለ፤ ሥጋውም ጣፈጠ። የአክስቴ ልጅ አልዋሸም። ከተጋባዦቹ አንዱ የአገራችን ወይን ይህን አያደርግም ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ያደርጋል። ካስቴል የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ ባቱ፣ በቀድሞ ስሙ ዝዋይ፣ ላይ ከተከለው ወይን የተጠመቀው ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ገበያ ላይ አለ፤ ከእሱም ደረቅ ቀይ ይገኛል። ዋናው ነገር ሥጋው ከፍም መውረዱና በርበሬው ራቅ ማለቱ ነው።

ይህን እያወራሁ ሳለ ከጠረጴዛው ጫፍ አንድ ልጅ እግር ሰው እጁን ሊታጠብ ተነሣ። ከፊቱ ኮካ በብርጭቆ ነበረ። እንደማይጠጣ ቀደም ሲል ተናግሯል፤ ለምን እንደሆነ ማንም አልጠየቀውም። አጠገቡ ያለው ጓደኛው ጠርሙሱን አነሣና ለእኛ ዓይኑን ጠቀስ አድርጎ ወደ ብርጭቆው ዘነበለ። ሁሉም ፈገግ አለ። እኔ ተስፈንጥሬ ብርጭቆውን በመዳፌ ከደንኩት። ጥቂት ወይን እጄ ላይ ፈሰሰ።

«ምነው ጋሼ፣ ጨዋታ እኮ ነው!» አለኝ ልጁ።

«አውቃለሁ» አልኩት። «እኔም ተጫውቻለሁ።»

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ላይ ብዙ ሆኗል። በ2013 ዓ.ም. ሚያዝያ አጣዬ ተቃጠለች። በ2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ከሚሴን አዳረሰ፤ ስልክም ተቋረጠ። ለብዙ ቀን የጓደኛዬን ቁጥር ስደውል ያው የሴትዮዋ የተቀዳ ድምፅ ብቻ ነበር። በረንዳው ላይ የተነጋገርነውን ሳልናገር ቀርቼ ቢሆን ኖሮ፣ ያን ድምፅ እንዴት እንደምሰማው አላውቅም።

ስልኩ ሲከፈት መጀመሪያ የደወለው እሱ ነው። ሁሉም በሕይወት አሉ። እናቱ ደክመዋል እንጂ ደህና ናቸው። ክርስቲያኖቹ ጎረቤቶቻቸው ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽተው ነበርና ገና አልተመለሱም አለኝ።

«ድስቱስ?» አልኩት። ለምን በዚያ ሰዓት ድስት እንደጠየቅሁ አላውቅም።

«ሲሄዱ እኛ ዘንድ አኑረውታል» አለኝ። «እናቴ ለብቻው ሰቅላዋለች። ሲመለሱ እንዳለ ያገኙታል፤ ማንም አልነካውም።»